ስሰግድ የሚነሣው ሕመም

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ለሚመላለስ ሰው ነው። ታምሞ ሄዶ፣ ተመርምሮ፣ "ምንም የለብህም" ተብሎ ተመልሶ፣ ደጁ ሳይደርስ እንደገና ለሚያመው ሰው። ይህችን "ምንም የለብሽም" የምትል ቃል በሦስት ዓመት ውስጥ ከአሥራ አንድ ባለሙያ ሰምቻለሁ። ቆጥሬ ነው የምናገረው፤ መቍጠርና መመዝገብ ልማዴ ነው፤ ያዳነኝም እሱ ነው ብል ውሸት አይሆንም። ታላቅ እኅቴ ጠጅቱ በታሪኩ ውስጥ ስላለች አስቀድሜ አንብቤላታለሁ። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ "እሱን እንኳ ተይው" አለችኝ። አልተውሁትም። ለምን እንዳልተውሁት መጨረሻው ላይ ይገባችኋል።

የተወለድሁት ከጅጋ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። እናታችን የሞተችው እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለሁ ነው። በስቅለት ዕለት ከሴቶቹ ጋር ስትሰግድ በግንባሯ እንደ ተደፋች ሳትነሣ ቀረች። አገሩ ሁሉ "የታደለች፣ በማን ቀን ሞተች" አላት። ያሳደገችኝ ጠጅቱ ናት፤ በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እስከ ዛሬ "እታለም" ነው የምላት። ትምህርት ቤት የገባሁት ትዳር ፈትቼ ፍኖተ ሰላም ከወረድሁ በኋላ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ማታ ማታ፣ ቀን ቀን በር ከሚጠብቁ ዘበኞች ጋር በአንድ ዴስክ ተቀምጬ። አሥረኛ ክፍልን ስጨርስ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ።

ሕመሙ የጀመረኝ እዚያው ሥራዬ ላይ ነው፤ ኢሕአዴግ ከገባ አሥር ዓመት አልፎታል። የጂኦግራፊ መጻሕፍት የሚቀመጡት ከሁሉም በታች ባለው መደርደሪያ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሁለት መጽሐፍ አውጥቼ ቀና ስል፣ ልቤ ከበረት እንደ ተፈታ ጥጃ ዘለለ። ራሴን ከውስጥ በመዶሻ ይመቱኝ ጀመር። ላቤ ወረደ፤ ግን የሙቀት ላብ አይደለም፣ እንደ ምንጭ ውሃ ቀዝቃዛ ነው። እጄ ተንቀጥቅጦ መጽሐፎቹ ወደቁ። ከሁሉ የከፋው ግን አሁን እሞታለሁ የሚል፣ ከየት እንደ መጣ የማላውቀው ፍርሃት ነበር። ፊት ለፊቴ የቆመች ተማሪ "እትዬ፣ ፊትሽ እኮ አመድ ሆነ" አለችኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ እንደ አመጣጡ ሄደ። ምንም እንዳልነበረ መጽሐፎቹን አንሥቼ መዘገብሁ።

በሳምንቱ ደገመኝ። ከዚያ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ መጻሕፍት በምንቆጥርበት ሰሞን ደግሞ በየቀኑ።

መጀመሪያ የሄድሁበት ክሊኒክ ደም ወስዶ ታይፎይድ ነው አለኝ። በእኛ አገር ራሱን ያመመው ሰው ሁሉ ታይፎይድ አለበት። የአሥር ቀን ክኒን ጨረስሁ፤ ሕመሙ አልጨረሰም። ሁለተኛው ጨጓራ ነው አለ፤ በርበሬ ተውሁ፤ በርበሬ የሌለው ሽሮ በላሁ፤ ከሳሁ። ሦስተኛው ዘንድ ስደርስ ሐኪሙ ወረቀቱን ሳያይ እኔን አየኝ።

"ባል አለሽ?"

"የለኝም።"

"ልጅ?"

"የለኝም።"

"እንግዲያ ምን ያስጨንቅሻል?" አለና ወረቀቱ ላይ ጭንቀት ብሎ ጻፈ። የሚያስጨንቀኝ ነገር እንደሌለ ራሱ ተናግሮ የጭንቀት መድኃኒት አዘዘልኝ። ተናድጄ ወጣሁ እንዳልል፣ እኔ በሰው ፊት መናደድ አላውቅበትም። አመስግኜው ወጣሁ።

ደም ግፊት ሳይለኩኝ ቀርተው አይደለም። ለክተዋል፤ ስንት ጊዜ። ግን አለካካቸው ወግ አለው። ታማሚ ሲመጣ፣ በእግሩ መጥቷልና፣ ዳገት ወጥቷልና፣ ትንፋሹ ይረፍ ይባላል። አንድ ቀን ሕመሙ መንገድ ላይ ጀምሮኝ እየተንቀጠቀጥሁ አንድ ጤና ጣቢያ ገባሁ።

"እባክሽ አሁን ለኪኝ፤ አሁን ነው ያለው" አልኋት ነርሷን።

"አሁንማ አይለካም። አረፍ በይ።"

"ካረፍሁ እኮ ይሄዳል።"

"ከሄደማ እሰየው" አለችና አግዳሚ ወንበሩን አሳየችኝ።

ተቀመጥሁ። ግማሽ ሰዓት። ከጎኔ ከገበያ የመጡ አንድ አዛውንት ተቀምጠው ነበር፤ ላቤን አይተው ሳይጠይቁኝ የነጠላቸውን ጫፍ ሰጡኝ። ጠረግሁበት። ተራዬ ደርሶ ስትለካኝ መቶ ሃያ በሰማኒያ ሆነ። "ይኸው፣ የልጃገረድ ግፊት ነው ያለሽ። ምንም የለብሽም" አለችኝ። ደግ ልጅ ነበረች። ሁሉም ደጎች ነበሩ። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆኑ የምጣላው ሰው አገኝ ነበር።

ሌላ ቀን አስታወከኝና አንድ ክሊኒክ ማስታወክ የሚያቆም መርፌ ወጉኝ። መርፌው ሳይነቀል ነው የጀመረኝ። አልጋው ከነብረቱ ተንቀጠቀጠ፤ ዓይኔ ጠፋ፤ በቃ ይኸው ነው አልሁ። ስነቃ ወጊው ለአስታማሚዎች ሲናገር ሰማሁ፤ "መርፌ የምትፈራ ናት።" በኋላ አዲስ አበባ እንደ ነገሩኝ፣ አንዳንዱ የማስታወክ መርፌና የልብ ምት ማርገቢያ የሚባለው ክኒን ያለ ሌላ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ፣ ለዚህ በሽታ እሳት ላይ ጋዝ እንደማርከፍከፍ ነው። ክኒኑንም ወስጄ ነበር። እንዴት እንደ ተረፍሁ አላውቅም። በዚያ ሰሞን በሬን ሳልቀረቅር መተኛት ጀመርሁ፤ ከሞትሁ ሰዎች በሩን እንዳይሰብሩት ብዬ።

ነገሩ ወደ ቤተሰብ የገባው በሦስተኛው ዓመት፣ በዐቢይ ጾም ነው። ለሰንበት እታለም ዘንድ ሄጄ ሰኞ አብረን ቤተ ክርስቲያን ሳምን። መስገድ ጀመርሁ። ሰባተኛው ላይ ሳልደርስ ያዘኝ። ላቤ ሲወርድ፣ ስንቀጠቀጥ፣ ፊቴ ሲነጣ ሴቶቹ ሁሉ አዩ። ከዚያ ማስረዳት አላስፈለገም። ሰው ሲሰግድ ከተንቀጠቀጠ፣ መስገዱን የማይወድ ሌላ አካል በውስጡ አለ ማለት ነው። እታለም ክንዴን ይዛ እንዴት እንደ ጎተተችኝ አይረሳኝም፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ነበር የምትንቀጠቀጠው።

"እኔ እኮ አውቄው ነበር" አለችኝ መንገድ ላይ።

"ምኑን?"

"ተይ አታናግሪኝ።"

ሁለት ሱባኤ ጸበል ተጠመቅሁ። ጸበሉን አልነቅፍም፤ በዚያ ጊዜ የሚጎዳኝ አልነበረም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ጸሎት ነው። የጎዳኝ ንስሐው ነው። የንስሐ አባታችን አባ ወልዴ ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ አዳምጠውኝ ሲያበቁ፣

"ስትሰግጂ ነው የሚነሣብሽ?" አሉኝ።

"አዎ አባ።"

"እንግዲያ መድኃኒቱ ተገኘ። የሚጠላውን ነው መስጠት። በቀን አርባ አንድ ስገጅ።"

ሰገድሁ። በየቀኑ ተነሣብኝ። ሄጄ ነገርኋቸው።

"ብሶበታል ማለት ነው" አሉ ደስ ብሏቸው፤ "ሊወጣ ሲል ነው እንዲህ የሚሆነው። ማታም አርባ አንድ ጨምሪበት።"

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ነገሩን አስተውሉልኝ። ሕመሙን የሚያስነሣው ነገር መድኃኒት ተብሎ ታዘዘልኝ፤ ሕመሙ ሲነሣ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ተባለ፤ ስለ ሠራም ተጨመረልኝ። ከዚህ ክብ ውስጥ ሰው በምን ይወጣል?

እኔ በደብተር ወጣሁ። ንስሐዬን ለማስረዳት የሰገድሁትን ቁጥር የምጽፍበት ባለ መስመር ደብተር ነበረኝ። በግራ በኩል ስግደቱን፣ በቀኝ በኩል ሕመሙ የመጣበትን ሰዓትና የቆየበትን ጊዜ እጽፍ ጀመር። ፋሲካ ሆነ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳ ቀን አይሰገድም። በእነዚያ ሃምሳ ቀናት የቀኙ ገጽ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። የመጣብኝ ስድስት ቀን ብቻ ነው፤ ስድስቱንም ከሥር ጽፌያለሁ። ሦስቱ የታችኛው መደርደሪያ፣ ሁለቱ ከጉድጓድ ውሃ ስቀዳ፣ አንዱ የጫማዬን ክር ሳስር።

ደብተሩን ይዤ አባ ወልዴ ዘንድ ሄድሁ።

"አባ፣ በሃምሳው ቀን ተሻለኝ።"

"ትንሣኤ ነዋ፤ መንፈሱ ታስሮ ነው።"

"ጫማዬን ሳስር ግን መጣብኝ። ጫማ ማሰር የሚጠላ መንፈስ አለ እንዴ?"

እታለም ከጎኔ ቆማ ነበርና በክርኗ ጎሸመችኝ። አባ ግን አልተቆጡም፤ ፈገግ አሉ። "አንች ልጅ፣ ፊደል ዘግይቶ ሲገባ እንዲህ ነው፤ ሁሉን ላስላው ይላል። ሃምሳው ሲያልፍ ቀጥይ።"

ሃምሳው አለፈ፤ ቀጠልሁ። ለምን ቀጠልሽ ትሉኝ ይሆናል። በደብተሬ ያወቅሁትን በልቤ አላመንሁትም ነበር። አሥራ አንድ ባለሙያ፣ አንድ ካህን፣ አንዲት እናት ሆና ያሳደገችኝ እኅት በአንድ ወገን፣ እኔና ደብተሬ በአንድ ወገን።

በክረምቱ መጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እናቷ ሞተውባት ለለቅሶ ቡሬ ሄድሁ። ከመኪና ወርጄ ከረጢቴን ከመሬት ሳነሣ ያዘኝ። ሰዎች ደግፈው መንገድ ዳር ካለ አንድ ትንሽ ክሊኒክ አስገቡኝ። ባለቤቱ አቶ ደምሴ በደርግ ጊዜ የጦር ሠራዊት ድሬሰር፣ ማለትም ቁስለኛ አካሚ የነበሩ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። እሳቸውም እንደ ወጉ "አረፍ በይ" አሉኝ። ያን ጊዜ የሆነ ነገር በውስጤ ተበጠሰ። አልጮህሁም። ደብተሬን ከከረጢቴ አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥሁና፣

"እኔ አርፋለሁ፤ እርስዎ ይህን ያንብቡ" አልኋቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡት። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው፣ ጣታቸውን እያስኬዱ፣ አንድም ሳይዘሉ። ሌላ ታማሚ ገብቶ "ቆይ" ተብሎ ወጣ። እኔም አረፍሁ፤ ሕመሙም ሄደ።

"ማን ነው የጻፈው?"

"እኔ ነኝ።"

"ጦር ቤት ብትሆኚ ጸሓፊዬ አደርግሽ ነበር" አሉና የደም ግፊት መለኪያውን አመጡ። ለኩኝ፤ መቶ ሃያ በሰማኒያ። "ምንም የለብሽም" እስኪሉኝ ጠበቅሁ። ጨርቁን ግን ከክንዴ አልፈቱትም።

"በይ ስገጅ" አሉኝ።

"እዚህ?"

"እዚሁ። ወደ ምሥራቅ ነው፣ መስኮቱ በኩል።"

"ስንት?"

"እስኪመጣ።"

ጨርቁ ክንዴ ላይ እንደ ታሰረ፣ ጎማው እየተንጠለጠለ፣ በቡሬ የክሊኒክ ሲሚንቶ ላይ ሰገድሁ። ዘጠነኛው ላይ ራሴን መታኝ። "መጣ" አልሁ። ክንዴን ይዘው ነፉ። የሜርኩሪው ዘንግ ወጣ፤ ወጣ፤ ሁለት መቶን አለፈ። አስተነፈሱትና እንደገና ነፉ። ሁለት መቶ ሠላሳን አልፎ ነው በጆሮ ማዳመጫው የምቴን ድምፅ የሰሙት። ሦስተኛ ጊዜ ሲለኩ ከእኔ ይልቅ የእሳቸውን ግንባር ያልበው ነበር።

"ስሙን አላውቅለትም" አሉኝ፣ ከተረጋጋሁ በኋላ። "ጎንበስ ስትይ ሆድሽ ውስጥ የሚጨመቅ ነገር አለ፤ ሲጨመቅ ደምሽ ውስጥ የሚረጭ ነገር አለ። ይህን የሚያውቅ ሐኪም ባሕር ዳር አይጠፋም። ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ፤ ደብተርሽን ከደብዳቤው ጋር አሳዪ። እስከዚያ መስገድ የለም።"

"ንስሐ ነው እኮ።"

"እግዜርን እኔ አስረዳዋለሁ።"

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር አልልም፤ ግን ቢያንስ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄድ ነበር። ባሕር ዳር በአልትራሳውንድ ሲያዩኝ ባለሙያው አንዱን ቦታ ደጋግሞ ሲያሽ ቆየ። ከቀኝ ኩላሊቴ በላይ መኖር የሌለበት ነገር አለ። አዲስ አበባ ተላክሁ። እታለም ጊደሯን ሸጣ አብራኝ ሄደች፤ ስለ ጊደሯ አንድ ቀን እንኳ አላነሣችብኝም፤ ስለ አዲስ አበባ ሽንብራ ውድነት ግን በየቀኑ አንሥታለች።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ ስታስረዳ እስክርቢቶ ይዛ ትስላለች። ከሁለቱ ኩላሊቶች ላይ እንደ ቆብ የተደፉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ አለችን። ሰው ሲደነግጥ፣ ጅብ ሲያይ፣ ልቡን የሚያዘልለውን ነገር ወደ ደም የሚልኩት እነሱ ናቸው። አንዳንዴ፣ በጣም ጥቂት ሰው ላይ፣ ከአንደኛው ውስጥ ሌላ እጢ፣ ማለትም እባጭ፣ ይበቅልና ጅብ በሌለበት ጅብ መጣ ይላል። በእንግሊዝኛ ስሙ ረጅም ነው፤ ፊዮክሮሞሳይቶማ ይባላል። ሦስት ጊዜ አስጽፌያት ነው በትክክል የያዝሁት።

ለማረጋገጥ የአንድ ቀን ሙሉ ሽንት፣ አንድ ጠብታ ሳይቀር፣ በጀሪካን መጠራቀም አለበት ተባለ። አጠራቀምሁ። ጠዋት ታክሲ ውስጥ እታለም ጀሪካኑን በነጠላዋ ሸፍና ጭኗ ላይ ስታስቀምጠው፣ ከጎናችን የተቀመጡ እመት ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አላነሡም።

"ከየት ነው የመጣችሁ፣ የኔ እናት?"

"ከጎጃም" አለች እታለም።

"ጸበሉ ነው? እባክሽ፣ ለዚህ ትከሻዬ ትንሽ ቢጤ..."

እታለም አየችኝ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። "አይ እመት፣ ይኸኛው ገና አልተባረከም" አለቻቸው። ከበሽታው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያን ቀን ነው፤ ስስቅም ጎንበስ እንዳልል ወንበሩን ይዤ ነበር።

ውጤቱ ሳምንታት ፈጀ። በዚያ መካከል የተቀመጥሁባቸውን አግዳሚ ወንበሮች ሁሉ ብጽፍ አንባቢ ይሰለቻል፤ እኔም ሰልችቼ ነበር። ካርድ ክፍሉ "ዶክተሯ ዘንድ ነው" ይላል፤ ዶክተሯ "ካርድ ክፍል ነው" ትላለች። ከዱርቤቴ ከተማ ባሏን ልታሳክም የመጣች አንዲት ሴት፣ እኔ ስወጣ ስገባ ተራዬን ትይዝልኝ ነበር፤ ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ተለያየን። ውጤቱ ሲመጣ ነገሩ ተረጋገጠ፤ ሲቲ ስካኑም እጢዋን አሳየ። ሐኪሟ ወዲያው አትቆረጥም አለችን። መጀመሪያ የደም ሥር የሚያላላ ክኒን ለሳምንታት ይወሰዳል፤ ውሃ ይበዛል፤ ጨው ይበዛል። አለዚያ ቢላዋው ሲነካት ያላትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ትለቀውና ጠረጴዛው ላይ መቅረት አለ። ክኒኑ አፍንጫዬን ደፈነኝ፤ ስነሣ አዞረኝ። ግን ይህን ጊዜ ለምን እንደሚያዞረኝ አውቄ ነው የዞረኝ፤ ልዩነቱን የታመመ ያውቀዋል።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ሐኪሟ አንድ ነገር ጠየቀች። "ይህ ነገር አንዳንድ ጊዜ በዘር ይሄዳል። ከቤተሰብ እንዲህ የሚያመው፣ ወይም በድንገት የሞተ ሰው አለ?"

"የለም" አለች እታለም፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

"እናታችን" አልሁ እኔ። "ስትሰግድ።"

ሐኪሟ ጻፈች። ከዚያ ወደ እታለም ዞረች። "እርስዎስ እናቴ? ራስ ምታት፣ ላብ፣ የልብ ምት?"

"እኔ ጤነኛ ነኝ ልጄ። ጉልበቴን ነው እንጂ።"

"ቢሆንም እርስዎም ይመርመሩ" አለችና በወረቀት ጽፋ ሰጠቻት። እታለም ወረቀቱን አጣጥፋ ከመቀነቷ ከተተችው። ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ አስወጥቼ ምን እንደሚል አነበብሁላት። ተቀብላኝ መልሳ ከተተችው።

ስነቃ ሆዴ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር። እጢዋ ስትነካ ግፊቴ ወጥቶ፣ ስትወጣ ወርዶ፣ የማደንዘዣ ሐኪሞቹን ስታስጨንቅ መዋሏን ሰማሁ። እጢዋን በጠርሙስ አድርገው ሲያሳዩን የሎሚ ያህል ናት። እታለም ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥታ ብዙ አየቻት።

"ይቺ ናት?" አለች። "ይቺ ናት አርባ አንድ ያሰገደችሽ?"

አገር ስመለስ ግማሹ "ጸበሉ አወጣላት" አለ፤ ግማሹ "ሐኪም ቆርጦ አወጣው" አለ። እኔ ለማንም አልተከራከርሁም። አባ ወልዴ ሊጠይቁኝ መጡ። ብዙ የምላቸው ነገር አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ከተቀመጡ በኋላ መቋሚያቸውን እያዞሩ፣

"ያሰገድሁሽ እኔ ነኝ" አሉ። "ስንት ይሆናል?"

ደብተሩን አወጣሁ። "ስድስት ሺህ አምስት መቶ ስልሳ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲህ ዕድሜ ከሰጠኝ እኔ እሰግደዋለሁ። ካልሰጠኝም ከቀረው ጋር እሄዳለሁ።" ከዚያ ወዲህ ንስሐ ሊቀበል ለሚመጣ በሽተኛ ስግደት ከማዘዛቸው በፊት "ሐኪም አይቶሃል?" ይላሉ ተብሎ ሰምቻለሁ። ያዘጋጀሁትን ንግግር አልተናገርሁትም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እታለም ደስ ይላት ነበር።

የሐኪሟን ወረቀት ብዙ ጊዜ አነሣሁባት። "ያንች ያንች ነው" ትለኛለች። "ሰው ሁሉ ሎሚ የሚሸከም መሰለሽ?" ትለኛለች። ዓመቱ ዞሮ ስቅለት ደረሰ። እሷ ዘንድ ሄድሁ። ሐኪም ፈቅዶልኛልና ሰገድሁ። እየቆጠርሁ። ሰባት፣ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ አርባ። ምንም። ልቤ እንደ ማንኛውም የደከመ ሰው ልብ ይመታል፤ ራሴ ዝም ብሏል። ከድካሙ በቀር ምንም የለብኝም፤ ይህን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ እኔው አልሁት።

ቀና ስል እታለምን አየኋት። ግንቡን ተደግፋ ተቀምጣለች። ጉልበቷን አሟት፣ ይኸው ስንት ዓመቷ ነው ስቅለት ሳትሰግድ። ግን ጉልበቷን ያመማት ሴት ከቤቷ ጅጋ ገበያ ድረስ እህል ተሸክማ በእግሯ ደርሳ ትመለሳለች። ይህን ስንት ዓመት እያየሁ አላየሁትም። አንዲት ጎረቤት "ጠጅቱ፣ ዛሬ እንኳ?" ስትላት ሰማሁ። እታለም አፈረች መሰለኝ ተነሣች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰገደች። ስምንተኛው ላይ ቀና ስትል ከንፈሯ ነጥቷል። ላቧ ከነጠላዋ ሥር ወርዶ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል። እጇ ይንቀጠቀጣል። ፊቷ አመድ ነው።

እኔ ያን ፊት አይቼው አላውቅም ነበር። ሦስት ዓመት ሰዎች ሲነግሩኝ ብቻ ነው የሰማሁት። የራሴን ፊት እሷ ላይ አየሁት። ምናልባትም የእናታችንን።

ግንቡ ጥላ ሥር አስቀመጥኋት።

"ጾሙ ነው" አለች።

"እታለም፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

እሱን እንኳ ተይው ያለችኝ ይህንን ነው።

"አንችን ጸበል ከመውሰዴ በፊት" አለች። "እኔ ነኝ ቀድሜ የተጠመቅሁት። አልለቀቀኝም። አንች ላይ ሳየው፣ ከእኔ ወዳንች የተጋባ መሰለኝ። አንችን ከለቀቀሽ እኔንም ይለቀኛል ብዬ ነው ያን ሁሉ ያሰገድሁሽ።"

ሦስት ዓመት ሙሉ ከክሊኒክ ክሊኒክ ስዞር ሁለተኛዋ ታማሚ እዚያው ቤታችን ነበረች፤ ኋላም ክንዴን ይዛ ጸበል የወሰደችኝ እሷ ናት። መናደድም ማልቀስም አማረኝ፤ ነጠላዋን አስተካከልሁላት።

ፋሲካ እንዳለፈ ቡሬ ወሰድኋት። አቶ ደምሴ ጨርቁን ክንዷ ላይ አሰሩና "እስኪ ይስገዱ" አሏት።

"ሃምሳው ነው፤ አይሰገድም" አለች እታለም፣ ማምለጫ እንዳገኘ ሰው።

"የጫማዎን ክር ይሰሩ እንግዲያ።"

የላስቲክ ጫማ ነው ያደረገችው፤ ክር የለውም። አየቻቸው። አቶ ደምሴ ትንሽ አሰቡና እስክርቢቷቸውን ከጠረጴዛው ጫፍ ጣሉት።

"ያንሱልኝማ።"

አነሣችላቸው። እንደገና ጣሉት። አነሣች። ሦስተኛ ጊዜ ሲጥሉት "ኧረ እኒህ ሰውዬ" አለች፤ ግን አነሣች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ደብተሬን አወጣሁ። የእኔ የሚያልቅበትን ገጽ አልፌ አዲስ ገጽ ገለጥሁ፤ በመስመር ለሁለት ከፈልሁት። በላዩ ጠጅቱ ብዬ ጻፍሁ። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ዘጠነኛው ላይ እስክርቢቶው ከእጇ ወደቀ፤ እጇን ወደ ግንባሯ ሰደደች።

"መጣ?" አልኋት።

"መጣ" አለች።

ማንም አረፍ በይ አላላትም። አቶ ደምሴ መንፋት ጀመሩ።